የማይለቅ ስም

ይህ የሆነው የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ዘጠነኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት ነው። ለሰው አውርቼው አውቃለሁ፣ ጽፌው ግን አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ታናሽ እህቴ ስመኝ አንድ ወረቀት ይዛ ንፋስ መውጫ ወደምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት መጣች። «ሁለት ኮፒ አድርጊልኝ፣ አንዱን አባባ ያስቀምጠው» አለችኝ። ወረቀቱን ማሽኑ ላይ ሳስተኛው ዓይኔ ከታች ካለችው መስመር ላይ አረፈ። ደሜ ፈላ። ያችው መስመር ናት። ከስድስት ዓመት በኋላ አንዲት ፊደል አልተለወጠችም።

ስመኝ እኔ የተማርኩበት የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ፈተናውን አልፋ ልትገባ ነው። የትምህርት ቤቱንም የከተማውንም ስም አልጠራም፤ ማንንም ለማሳጣት አይደለም የምጽፈው። ልጅ አዳሪ ትምህርት ቤት ለምትልኩ ወላጆችና ለልጆቹ ይጠቅማል ብዬ ነው። ደግሞ እውነቱን ልናገርና ስለተናደድኩም ነው።

ወረቀቱ «ተማሪዋ ይዛ የምትመጣቸው ዕቃዎች» ይላል። ግራጫ ብርድ ልብስ፣ ሁለት አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ ፎጣ፣ የሌሊት ልብስ፣ ባልዲ፣ የሳጥን ቁልፍ እያለ ይዘረዝራል። ከሥር እንዲህ የሚል አለ፦ «በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ የተማሪዋ ስም በማይለቅ ቀለም ይጻፍ። የሌላ ተማሪ ስም ያለበት ዕቃ ይዛ የተገኘች ከአዳሪነት ትሰናበታለች።»

በቃ። ይኸው ነው።

ያን ጊዜ ወረቀቱ ቤታችን ሲደርስ እኔ አልነበርኩም። ከአባቴ ጋር ለጉርድ ፎቶ ንፋስ መውጫ ወርደን መብራት ጠፍቶ ሁለት ቀን አክስቴ ቤት ተቀምጠናል። እናቴ ማንበብ አትችልም። ቤታችን ግን ድጓ ከሚመሰከርበት ከቤተ ልሔም ደብር አጠገብ ስለሆነ የሚያነብ ሰው አይጠፋም፤ ከቄስና ከዲያቆን የተረፈው መሪጌታ ነው። እሷም ወረቀቱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወደ የኔታ ሄደች። የኔታ የአባቴ አጎት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ብራና ሲጽፉ የኖሩ ሰው።

የኔታ አነበቡላት። «ስሟ በማይለቅ ቀለም ይጻፍ ነው የሚል» አሏት።

«የትኛው ስሟ?» አለች እናቴ።

የኔታ ወረቀቱን ገለበጡት። ጀርባው ባዶ ነው። «እሱንስ አይልም።»

እናቴ ያን ቀን ያለችውን ደጋግማ ስለነገረችኝ ቃል በቃል አውቀዋለሁ። «አትጠገብ ያልናት እኛ ነን። አያቷ እናንየ ትላታለች። ነገ ስትዳር ደግሞ አማቷ ሌላ ታወጣላታለች። ይኼ ሁሉ ይለቃል። የማይለቀው ታቦት ፊት የወጣላት ነው» አለች።

የኔታም «እውነትሽን ነው» አሉ። አያችሁ? ወረቀቱ የማይለቅ ቀለም አለ፤ እናቴና የኔታ የማይለቅ ስም አሉ።

ከዚያ የኔታ ቀለማቸውን በጠበጡ። ዘጠኝ ቁራጭ አቡጀዲ ላይ የክርስትና ስሜን ጻፉ፤ ብራና ላይ እንደሚያደርጉት «ወለተ»ን በጥቁር፣ «ማርያም»ን በቀይ። የእመቤታችን ስም መጽሐፍ ላይ ሁልጊዜ በቀይ ነው። እናቴ ደግሞ ውኃ ቢወስደውስ ብላ ሰጋች፤ እያንዳንዷን ፊደል በጥቁርና በቀይ ክር እየተከተለች ሰፋቻት። ከዚያ ቁራጮቹን ብርድ ልብሱ ላይ፣ አንሶላዎቹ ላይ፣ ፎጣው ላይ ለጠፈቻቸው። ባልዲው እንኳ አልቀረም፤ እጀታው ላይ ጠምጥማ ሰፋችለት።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ኋላ ላይ ስለሚያስፈልግ። እናቴ ከፊደል ሁሉ የምታውቀው አንዲት ብቻ ናት፣ «ተ»ን። መስቀል ናት ብላ ነው የምታውቃት። ስለዚህ ሁሉም ቁራጭ ላይ «ተ»ን ከሌሎቹ ሁለት እጥፍ አስበልጣ፣ ክንዷን ዘርግታ ሰፋቻት። ከሩቅ ስታዩት ፊደላቱ ግራና ቀኝ ተደርድረው መሃላቸው መስቀል የቆመ ይመስላል።

ተመልሼ ሳየው ጮህኩ።

«እማ፣ ምንድን ነው ያደረግሽው?»

«ምን አደረግሁ? የታዘዝኩትን።»

«ትምህርት ቤት እኮ አትጠገብ ነኝ!»

«እሽ፣ አንች አትጠገብ ሁኝ። ብርድ ልብሱ ግን የወለተ ማርያም ነው።»

ለመፍታት ጊዜ አልነበረም፤ በማግስቱ መሄዴ ነው። ጎረቤታችን እትዬ ውዴ ልትሰናበተኝ መጥታ አየችና ደረቷን ደቃች። «የክርስትና ስም እንዲህ ሜዳ ላይ ይሰጣል? ክፉ ሰው እጅ ቢገባ ይደገምባታል እኮ!» አለች። እናቴ «ማርያም ካለችበት ማን ደፍሮ?» ብላ ሳቀችባት። እኔ ግን አልሳቅሁም። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ፈራሁ። ማደሪያችን ገብቼ ሳጥኔን በከፈትኩ ቀን ስሙ ያለበትን ጠርዝ ሁሉ ወደ ውስጥ አጥፌ በመርፌ ሰፋሁት፤ የባልዲውንም ገለበጥኩት። ስሙ እንዳይታይ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የእኔ ጥፋት ይቺ ብቻ ናት። አጠፍኩት።

አዳሪ ቤት ለማታውቁ፦ ቅዳሜ የልብስ አጠባ ቀን ነው። አርባ ልጅ በአንድ ማደሪያ፣ አርባ ግራጫ ብርድ ልብስ በአንድ ገመድ። ነፋስ ሲነሣ ግማሹ አጥር ላይ፣ ግማሹ መሬት ላይ ነው። የወደቀውን ፕሮክተሯ ታነሣና ስም ታያለች፤ ስም ያለው ለባለቤቱ፣ ስም የሌለው ወደ ዕቃ ቤት። ይህ ነው ሕጉ። ፕሮክተር የምንለው ማደሪያውን የሚቆጣጠረውን ሰው ነው። የእኛዋ እትዬ አሰለፈች ይባሉ ነበር። አንቱ የምላቸው አፌ ስለለመደ ነው።

ኅዳር ላይ የሄለን ብርድ ልብስ ጠፋ። ሄለን ከእኔ አልጋ በላይ የምትተኛ የከተማ ልጅ ናት፤ ጥሩ ልጅ ናት፣ እሷን ምንም አልልም። አለቀሰች፤ ብርድ ነው፣ ማን አያለቅስም። እሑድ ከቁርስ በኋላ እትዬ አሰለፈች ገብተው «ሁላችሁም ከአልጋችሁ አጠገብ ቁሙ፣ ሳጥን ክፈቱ» አሉ። አንድ በአንድ እየፈተሹ እኔ ጋ ደረሱ። ብርድ ልብሴን አንሥተው ጠርዙን በጣታቸው ዳሰሱት። ወፍሮ ተሰማቸው። በመቀስ ቀደዱት።

«ወለተ ማርያም» ብለው አነበቡ። ከዚያ አንሶላውን። ከዚያ ፎጣውን። «ወለተ ማርያም። ወለተ ማርያም። አንች ማነሽ?»

«አትጠገብ።»

«ወለተ ማርያምስ ማን ናት?»

«እሷም እኔ ነኝ።»

አንዳንዶቹ ሳቁ። እትዬ አሰለፈች አልሳቁም። «የራስሽ ከሆነ ለምን ሸሸግሽው?»

ይቺ ጥያቄ ያዘችኝ። ድግምት ፈርቼ ነው ልበል? ሳይንስ በሚማሩ ልጆች ፊት? ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ጨረሰኝ። ባልዲዬ ሳይቀር ዘጠኙም ዕቃ ተሰብስቦ ዕቃ ቤት ገባ።

ምሳ ላይ እትዬ አሰለፈች መመገቢያ አዳራሹ መሃል ቆመው «ወለተ ማርያም የምትባል ተማሪ ካለች ትነሣና ዕቃዋን ትውሰድ!» ብለው ተጣሩ።

ተነሣሁ።

«አንችን አይደለም፤ ቁጭ በይ!»

አልተቀመጥኩም። ያኔ ከበሩ አጠገብ አንዲት ከእስቴ የመጣች ልጅ ተነሣች። «እኔም ወለተ ማርያም ነኝ፣ እትዬ።» ቀጥሎ አንዲት የስማዳ ልጅ ተነሣች። ከዚያ ሁለት ባንድ ላይ። ከዚያ ወጥ ቤት ውስጥ እንጀራ የምታወጣዋ ሴትዮ ጭንቅላቷን በመስኮት አውጥታ «እኔንም ቁጠሩኝ!» አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። አሥራ አንድ ሆንን፤ ከሴትዮዋ ጋር አሥራ ሁለት።

ያበቃልኝ መስሎኝ ደስ አለኝ። እትዬ አሰለፈች ግን ቆጥረው ጨረሱና «እንግዲያማ ከሌሎቻችሁ ከአሥራችሁ ከማንኛችሁ እንደወሰደችው አይታወቅም ማለት ነው» አሉ። እስቲ አሁን ይኼን ምን ትሉታላችሁ?

ሰኞ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ተጠራሁ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የሚቸኩሉ ሰው ነበሩ። አንድ ወረቀት ሰጡኝ። «ጥፋቴን አምኜ ይቅርታ እጠይቃለሁ» የሚል ተጽፎበታል። «ፈርመሽ ሰንደቅ ዓላማ ላይ ታነብቢዋለሽ፣ በማስጠንቀቂያ ትታለፊያለሽ። ካልሆነ ሕጉ ያው ነው፤ ትሰናበቻለሽ» አሉኝ።

«ምን አጥፍቼ ነው የማምነው?»

«አትጠገብ፣ ትምህርትሽን አስቢ።»

አሰብኩ እኮ። ከሰፈራችን ለዚህ ትምህርት ቤት ያለፍኩት እኔ ብቻ ነኝ። ተሰናብቼ ብመለስ ዘጠነኛ ክፍል የሚያስተምር ትምህርት ቤት ከቤታችን የሦስት ሰዓት መንገድ ነው፤ አባቴ ደግሞ በዚያ መንገድ ብቻዬን አይለቀኝም። ጫፉ የት እንደሚደርስ አውቀዋለሁ፦ አማቴ ስም ታወጣልኛለች። የማደሪያ ልጆች ሁሉ «ፈርሚና ይለፍሽ» አሉኝ። የእስቴዋ ልጅ እንኳ «ቃል ነው፣ ምን ይሆናል?» አለችኝ።

ወረቀቱን ሳልፈርም መለስኩት። «አልሰረቅሁም። ሌባ ነኝ ብዬ ከማነብ በእግሬ ቤተ ልሔም ብገባ ይሻለኛል» አልኳቸው።

«እንግዲያው እስከ ሐሙስ ወላጅ አምጪ።»

በዚያው በቢሮው ስልክ አባቴ ጋ ደወልኩ። አውድማ ላይ ነበር፤ የበሬዎቹ ድምፅ ይሰማኛል። ሁሉንም ነገርኩት፤ መቀደዱንም፣ ሌባ መባሌንም። የምለውን ለእናቴ እየደገመላት ሰማኝና «ውቂያው እጄ ላይ ነው፣ እናትሽ ትመጣለች» አለኝ። ከኋላው የእናቴን ድምፅ ሰማሁ። «ቀደዱት? በምን ቀደዱት?» ስትል። ሌባ የተባልኩትን ሳይሆን መጀመሪያ የጠየቀችው ይህን ነው።

እናቴ ረቡዕ ደረሰች። እስከ መኪና መንገድ በእግሯ፣ ከዚያ በሚኒባስ፣ ከዚያ ሌላ ሚኒባስ። አቧራዋን አራግፋ ቀጥታ ቢሮ ገባች። የመጣችው ከወረቀቱ ጋር ነው፤ ከስንት ወር በፊት የተላከላትን ራሷን ወረቀት፣ በአራት ታጥፋ፣ ከነጠላዋ ጫፍ ፈታ ጠረጴዛው ላይ አደረገቻት።

ርእሰ መምህሩ ወንበር ሳቡላት። «እናቴ፣ ወረቀቱ የተማሪዋ ስም ይጻፍ ነው የሚለው» አሏት።

«ስሟን ነዋ የጻፍኩ።»

«ትምህርት ቤት የምትጠራበትን ማለታችን ነው።»

«እሱን ያንብቡልኝ፣ ጌታው። የቱ ላይ ነው ያለ?»

አነበቡ። ለራሳቸው ደግመው አነበቡ። የለም። ከንፈራቸውን ነከስ አደረጉ።

እትዬ አሰለፈች በር ላይ ቆመዋል። «እሳቸው መስፋታቸውን በምን እናውቃለን? ማንም ይሰፋዋል። ዕቃው የልጄ ነው ብለው ይፈርሙ» አሉ። ርእሰ መምህሩም ተገላገልኩ ብለው መሰለኝ ፈጥነው ጻፉና የጣት ቀለሙን ከፍተው ወደ እናቴ አስጠጉት። «አውራ ጣትዎን እዚህ ላይ።»

እናቴ ቀለሙን አየችው። አውራ ጣቷን አየችው።

«ይኼ ይለቃል» አለች።

ከዚያ ከነጠላዋ ሌላኛው ጫፍ መርፌና ሁለት ጥቅል ክር አወጣች፣ ጥቁርና ቀይ። የጠረጴዛውን ጨርቅ ጫፍ ወደ ጭኗ ሳበችው። ነጭ ጨርቅ ነው። የኔታ የለ፣ ቀለም የለ፣ የምትከተለው ፊደል የለ፤ ግን ዘጠኝ ጊዜ ሰፍታዋለች። «ፈርሚ ካላችሁኝ ይኸው» ብላ ጀመረች።

ርእሰ መምህሩ «እናቴ፣ ኧረ እሱ...» ብለው እጃቸውን ዘረጉ፤ መልሰው ሰበሰቡት። ደወል ተደወለ። አንድ መምህር ገብቶ፣ አይቶ፣ ምንም ሳይጠይቅ ወጣ። እናቴ ቀና አላለችም። «ወለ» አለቀ። ከዚያ ያቺ ትልቋ «ተ»፣ ክንዷን ዘርግታ። ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ ቀዩን ሰካች፣ «ማርያም» አለች ድምፅ አውጥታ፣ ቀጠለች።

ስትጨርስ ርእሰ መምህሩ ራሳቸው «ዕቃዎቹን አምጡ» አሉ። የዕቃ ቤቱ ሰውዬ የትኛው የማን እንደሆነ ስላልገባው እዚያ ያገኘውን ሁሉ ተሸክሞ መጣ። የእኔን አውጥተው ከጠረጴዛው ጨርቅ ጎን ዘረጉት። ዘጠኙም ላይ ያቺው ትልቅ «ተ» መሃል ላይ ቆማለች። አሥረኛዋ ጨርቁ ላይ። የሚያከራክር ነገር አልነበረም፤ ሕፃን ልጅ ያየዋል።

ጉዱ ግን ከክምሩ ሥር ነበር። አንድ ስም የሌለው ብርድ ልብስ አለ፤ ጥጉ ላይ ሰማያዊ ነገር ፈስሶ ደብዝዟል። ሄለን ተጠራች። ገና ከበሩ «የእኔ! የሻዩ እድፍ ይኸውና!» አለች። ስሟን ከተማ በተገዛ ሰማያዊ ማርከር፣ አይለቅም በተባለው፣ ጽፋው ነበር። መጀመሪያ አጠባ ላይ ለቀቀ። ነፋስ ጣለው፤ እትዬ አሰለፈች አነሡት፤ ስም አጡበት፤ በገዛ እጃቸው ዕቃ ቤት አስገቡት። ያ ሁሉ ፍተሻ ሲደረግ እዚያው ነበር።

ርእሰ መምህሩ «እንግዲህ ስህተት ነው፤ ይቅርታ፣ እናቴ» አሉ። በቀና ልብ ነው ያሉት፤ አየሁት።

እናቴ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ግን አልተነሣችም። መርፌዋን ጥቁሩን ክር እንደሰካች ወደ እትዬ አሰለፈች ዘረጋች።

«እቴ፣ የቀደድሽውን ስፊው።»

እትዬ አሰለፈች ርእሰ መምህሩን አዩ፤ እሳቸው መስኮቱን አዩ። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሰፉት። ስፌት አይሆንላቸውም ነበር፤ እናቴ ከጎናቸው ሆና «አጥብቂው፣ እሱ ይላላል» እያለች ታርማቸዋለች። መጨረሻ ላይ ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ያን ቀን ለመሳቅ ዝግጁ አልነበርኩም።

አራት ዓመቴን እዚያው ጨረስኩ። ጨርቁ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ አልተነሣም፤ ስመረቅም ነበር።

አሁን ወላጆች ወደ ሱቃችን ይህን ዓይነት ወረቀት ይዘው ሲመጡ ኮፒ አድርጌ ብቻ አልሰጥም። እንዲህ እላለሁ፦ የመዝገብ ስሟን ጻፉ፣ ጎኑ የክርስትና ስሟን ከፈለጋችሁ ጨምሩ። ማርከር አትመኑ፣ በክር ስፉት። ባልዲውን አትርሱ። ወረቀቱን አትጣሉ፣ እናቴን ያዳናት እሱ ነው። ለልጆቹ ደግሞ ያላደረጋችሁትን አትፈርሙ እላለሁ፤ ወላጅ ይምጣ ካሏችሁ ይምጣ።

የስመኝን ወረቀት ግን ዝም ብዬ አልመለስኩም። አንድ ኮፒ ጨምሬ ከዚያች መስመር ሥር በቀይ እስክሪብቶ «የትኛው ስም?» ብዬ ጻፍኩና ስልክ ቁጥሬን አኑሬ ለትምህርት ቤቱ ላክሁት። እስካሁን አልደወሉም። ካልደወሉ ራሴ እሄዳለሁ፤ ቢሮውን አውቀዋለሁ፣ ጠረጴዛውንም አውቀዋለሁ።

እናቴ መልስ አልጠበቀችም። ቅዳሜ ቤት ስሄድ የስመኝን ብርድ ልብስ ጭኗ ላይ ዘርግታ አገኘኋት። በዚህ ጊዜ ስሙ ሁለት ነው፤ ስመኝ ከላይ፣ የክርስትናዋ ከታች፣ «ተ»ዋ ያው እንደ ግንብ የቆመች። እትዬ ውዴ ዛሬም ደረቷን ትደቃለች። ስመኝ ወደ እኔ ጠጋ ብላ «ላጥፈው እንዴ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

መርፌውን ከእናቴ ተቀብዬ ጠርዙን ወደ ውጭ አድርጌ እኔው ራሴ ሰፋሁላት። ድፍን ማደሪያው ያንብበው።